ለዳለቻ ደረቅ ምግብ ስመርጥ የከረጢቱን ጀርባ ማንበብ ተማርኩ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ድመቴ ዳለቻ ሁለት ዓመት ሙሉ ያደገው በሐይቁ ዓሣ ነው። ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን በነጻ ይሰጡኛል፤ እኔም በፌስታል ቋጥሬ አመጣለታለሁ። ድመት ዓሣ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ሚያዝያ ላይ ምግብ መተው ጀመረ። ከዚያም ሲራመድ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ፣ አንገቱንም ወደ ደረቱ ያቀረቅር ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ ገና ሳይነካው የጠየቀኝ ምን እንደሚበላ ነው። ጥሬ ዓሣ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ዓሣ መሆኑን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። የጣና ነጭ ዓሣ የካርፕ ወገን ነው፤ ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ታያሚን የሚባለውን ቪታሚን ቢ1 የሚያፈርስ ኢንዛይም በሥጋቸውና በሆድ ዕቃቸው ይይዛሉ። ቢቀቀል ኖሮ ኢንዛይሙ ይጠፋ ነበር። ዳለቻ የቢ1 መርፌ ተወጋ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አካሄዱ ተስተካከለ። ሐኪሙም የተሟላ ደረቅ ምግብ እንድፈልግለት ነግሮ አሰናበተኝ።

የመጀመሪያው ግዢዬ የሚያሳፍር ነው። ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ ደረቅ ምግብ አገኘሁና ርካሽነቱ አስደስቶኝ ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ዳለቻ አሸተተው፤ ቀጥሎ ኩሱን እንደሚቀብር ሁሉ ዙሪያውን መሬት ቧጥጦ ሄደ። እኔም ጠጋ ብዬ ሳሸተው የከረመ ዘይት ይሸታል። በማግስቱ ተመልሼ ጆንያውን ሳገላብጥ ያየሁት የውሻ ሥዕል ነው።

የውሻ ምግብ ለድመት አይሆንም። ውሻ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በአብዛኛው ራሱ ይሠራል፤ ድመት ግን የሚሠራው ስለማይበቃው ከሥጋ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ዓይኑም ልቡም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የድመቶች የልብ ጡንቻ መድከም ከታውሪን እጥረት ጋር እንደሚያያዝ ካሳዩ በኋላ ነው አምራቾች መጠኑን ከፍ ያደረጉት። ድመት ቪታሚን ኤንም እንደ ውሻ ከካሮት መሥራት አይችልም። ይህን ሁሉ ለአከራዬ ስተርክላቸው እማማ ሳቁና «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማህም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እኔ ለዚያው ነገር ሦስት ሌሊት ሳነብ አድሬያለሁ።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩ። «የከረጢቱን ፊት ተዪው፣ የጀርባውን ፎቶ አንሺልኝ» አልኳት። አምስት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ለብቻው የተሟላ እንዳልሆነ፣ ከሌላ ምግብ ጋር የሚሰጥ ተጨማሪ መሆኑን በደቃቅ ፊደል ጽፏል፤ ወደቀ። ሁለቱ ታውሪን መጨመራቸውን የትም አይናገሩም፤ እነሱንም ተውኳቸው።

በቀሩት ሁለቱ ላይ የሒሳብ ሠራተኛነቴ ጠቀመኝ። አንደኛው ፕሮቲን 27፣ ስብ 9፣ አሰር (ፋይበር) 4፣ አመድ (ማዕድናት) 8፣ እርጥበት 10 በመቶ ይላል። ድምሩ 58 ነው። ቀሪው 42 በመቶ በግምት ስታርችና ስኳር ነው ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ግን ከረጢቱ አይጽፈውም። ሁለተኛው ፕሮቲን 36፣ ስብ 16፣ አሰር 3፣ አመድ 8፣ እርጥበት 10 ነው፤ ቀሪው 27 ብቻ። በአሜሪካ መመዘኛ ለአዋቂ ድመት ዝቅተኛው ፕሮቲን ውኃው ሳይቆጠር 26 በመቶ ስለሆነ አንደኛውም ሕግ አልጣሰም። እኔ ግን ሥጋ በል ለሆነ እንስሳ እህል በሥጋ ዋጋ መግዛት አልፈለግኩም።

የግብዓቱ ዝርዝር ደግሞ ሌላ ብልጠት አለው። የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ታዲያ አንደኛው ከረጢት «ትኩስ ዶሮ» ብሎ ይጀምራል። ትኩስ ዶሮ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ረድፍ ይወርዳል። ከሥሩ በቆሎ፣ የበቆሎ ግሉተን፣ ሩዝ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱ ቢደመሩ ዶሮውን ይበልጡታል። ሁለተኛው የሚጀምረው በደረቀና በተፈጨ ዶሮ ነው። ስሙ ባያምርም ውኃው አስቀድሞ ስለወጣ ክብደቱ የእውነት ነው።

ሁለተኛውን መረጥኩ። በኪሎ ውድ ነው፤ አራት ኪሎ ለሚመዝነው ዳለቻ ግን በቀን ወደ 60 ግራም ስለሚበቃው 1.5 ኪሎው 25 ቀን ይሄዳል። ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ስለካው 60 ግራም ሁለት የቡና ሲኒ ሆነ። ትልቁን ከረጢት በርካሽ ልትገዛልኝ ስትል እህቴን ከለከልኳት፤ በባሕር ዳር ሙቀትና በክረምቱ እርጥበት ከተከፈተ በኋላ ስቡ ቶሎ ይበላሻል፣ ሻጋታም ይመጣል። ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጉንዳኑን ያሸነፍኩት ደግሞ ሳህኑን ውኃ በያዘ ሰፋ ያለ ትሪ መሃል በማስቀመጥ ነው።

ሽግግሩ አሥር ቀን ፈጀ። ጨውም ሽንኩርትም በሌለው የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) መረቅ እያራስኩ፣ በየቀኑ ደረቁን ጨመር፣ ዓሣውን ቀነስ አደረግኩ። ውኃ ሌላው ጭንቀቴ ነበር፤ ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ወንድ ድመት ደግሞ ሽንቱ ከታገደ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ ሊሞት ይችላል። ዳለቻ ከፕላስቲክ አይጠጣም። ከምግቡ ራቅ አድርጌ በሸክላ ሳህን ሳቀርብለት ግን ጠጣ።

ባለፈው ወር ለሥራ ጎንደር ስሄድ እማማን አደራ አልኳቸው፦ «ሁለት ሲኒ ብቻ፣ ዓሣ የለም።» በአራተኛው ቀን ስመለስ ከአግዳሚው ሥር የዓሣ አከርካሪ ተሰልፎ አገኘሁ። ቀና ብዬ ሳያቸው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው «የተቀቀለ ነው ልጄ» አሉኝ።