ሪፈር ወረቀቷ ትመለስ

እኛ ሰፈር ሰው ሲታመም መጀመሪያ ሚባለው "ጥቁር አንበሳ ውሰዱት" ነው። ሆዱን ቢያመው ጥቁር አንበሳ፣ ግፊቱ ቢጨምር ጥቁር አንበሳ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ትላልቆቹ ሃኪሞች እዛ ናቸው፣ ለብዙ አመት ባገሪቱ የጨረር ህክምና ሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር፣ ስሙ ራሱ ያጽናናል። ግን እኮ እዛ በር ላይ ምን አይነት ሰው እንዳለ አይታችኋል? ከብቱን ሸጦ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ዘመድ ስለሌለው በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያደረ ሰው ነው ያለው። እኛ ፒያሳና አራት ኪሎ ያለን ሰዎች በእግራችን ምንደርስበት ጤና ጣቢያ እያለን ለተራ ጉንፋን እዛ ሰልፍ ላይ ስንገባ የሱን ቦታ ነው ምንይዘው። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል።

አሰራሩን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ባጭሩ ልንገራችሁ። የኛ አገር የጤና ስርአት ሶስት እርከን አለው፣ ከታች ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ መሃል ላይ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ሰው ከታች ይጀምርና ከአቅም በላይ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ላይ ይላካል። ከተማ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው ተብሎ ነው ሚታቀደው፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ ስፔሻላይዝዱ ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። እስቲ ቁጥሩን እዩት፣ ሁላችንም ቀጥታ ላይኛው ጋ ከሄድን እንዴት አድርጎ ይችለናል? በዛ ላይ መሃል ከተማ በሆስፒታል አንታማም። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ አለ፣ ድሮ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው፣ ለቃጠሎ ከሩቅ ሁሉ ይመጡለታል። ለአይን ምኒልክ፣ ለወሊድ ጋንዲ፣ ዘውዲቱ አለ፣ ራስ ደስታ አለ። እነዚህ በከተማው ጤና ቢሮ ስር ናቸው፣ ማለትም በዋናነት የኛው የከተማው ነዋሪዎች ሆስፒታሎች ናቸው። ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ሪፈር ምናምን ሚባል ነገር የለም፣ ለአምቡላንስ 907 ወይ 939 ደውላችሁ ወይ በታክሲ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ገስግሱ፣ ወረቀት አምጡ ብሎ ሚመልሳችሁ ሊኖር አይገባም።

እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ፎሎአፕ (ቋሚ ክትትል) ያላት እዚሁ ሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። መጀመሪያ ዘመዶቻችን "ጤና ጣቢያ ደግሞ ምን ያውቃል" ብለው ነበር። አሁን እማዬን ከዛ ንቀሉ ብትሏት አትነቀልም። ነርሷ ገና ከበር ስታያት "እማማ፣ ዛሬ ቁርስ በልተው ነው የመጡት?" ትላታለች፣ እማዬ "ኧረ ቡና ብቻ ነው ልጄ" ስትል "ቡናው ስኳር ነበረው?" ትላታለች፣ እማዬ ዝም፣ ነርሷም ገብቷት ጣቷን ወግታ ትለካታለች። እቺ ነርስ የእማዬን እግር ጫማ አስወልቃ ነው ምታየው፣ በየጣቶቿ መሃል፣ ቁስል እንዳይኖር። የስኳር ህመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ ላይታወቀው ይችላል፣ ሳይታወቀው ከቆየ ደግሞ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። ይሄንን ለማየት ፕሮፌሰር አያስፈልግም፣ ሚያውቅሽ ሰውና ጊዜ ነው ሚያስፈልገው።

ችግሩ ያለው ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ በተለይ መመለሻው ላይ። እማዬ አንዴ ኩላሊቷ ይታይ ተብሎ ሪፈር ተጻፈላት። ወረቀቷን አይታችሁ ከሆነ ከላይ ላኪው ሚሞላው አለ፣ ምን እንዳመማት፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ለምን እንደተላከች። ከስር ደግሞ ተቀባዩ ሆስፒታል ሚሞላው ቦታ አለ፣ ምን አገኘን፣ ምን አደረግን፣ እናንተ ከዚህ በኋላ ምን ተከታተሉ ሚል። ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራም፣ ሃኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ በደምብ አይቷታል፣ ላብራቶሪ አሰርቶ መድኃኒት ቀየረላት፣ ለሁሉም አመሰግነዋለሁ። ወረቀቷ ግን ካርድ ክፍል ገብታ እዛው ቀረች። ጤና ጣቢያ ስንመለስ ነርሷ ማህደሩን ገልጣ "ምን አሏችሁ?" አለችን። "መድኃኒት ቀይረዋል።" "የቱን?" በቃ ከፌስታል ውስጥ ፍሬዎቹን አውጥቼ ሰጠኋት፣ እሷ ከመድኃኒቱ ጀርባ ላይ ስሙንና ሚሊግራሙን እያነበበች ገለበጠች። የላብራቶሪ ውጤቱን ግን ከየት ታምጣው? ኩላሊት የደከመበት ሰው ላይ መጠናቸው ሚቀነስ ወይም ጭራሽ ሚቋረጡ የስኳር መድኃኒቶች አሉ፣ ውጤቱን ሳታውቅ እንዴት አድርጋ ትከታተላት?

ይሄ እንግዲህ እማዬ ልጅ ስላላት የተረፈ ነገር ነው። ብቻቸውን ያሉ፣ አይናቸው ሚደክም፣ ማንበብ ማይችሉ እናቶች አሉ አይደል፣ "ነጭ ክኒን ሰጡኝ" ብቻ ብለው ሚመለሱ። ለነሱ ወረቀቷ ናት ምትናገርላቸው።

ሃኪሞቹን መውቀስ አልፈልግም፣ ባንድ ቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ በር ላይ የቆመ ያውቀዋል። ግን ምላሽ መጻፍ ለውለታ ሚደረግ ነገር አይደለም፣ ስራው ነው። በየሆስፒታሉ ሊየዘን ሚባል ቢሮ አለ፣ በሪፈር ተልኮ የመጣውን በሽተኛ ሚቀበለውም ሚሸኘውም እሱ ነው፣ ምላሹ መመለሱንም ማየት ያለበት እሱ ነው። ብዙ ሰው ሊየዘን ሲባል አልጋ ሚለመንበት መስኮት ብቻ ነው ሚመስለው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ሚያከብድ ሌላ ነገር መጥቷል። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ሲነሱ ጎረቤት የነበሩ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፣ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ስለ ልማቱ ሌላ ጊዜ እናወራለን፣ እኔ ማወራው ስለ ህክምና ካርዱ ነው። የስርአቱ ሃሳብ ጤና ጣቢያህ ቤትህ አጠገብ ነው ሚል ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗም የቤተሰብ ጤና ቡድኑም ቤትህን ያውቁታል፣ የጤና መድህኑም ሚጀምረው ከወረዳህ ነው። ሰውየው ሲሄድ ግን የስንት አመት ማህደሩ እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነው ሚቀረው። እኔ ማውቃቸው አንድ እናት ለግፊት መድኃኒታቸው እስካሁን ሁለት ታክሲ ይዘው እዚህ ድሮ ሰፈራቸው ነው ሚመጡት። አዲሱ ጤና ጣቢያ ለምን አይሄዱም ስላቸው "እዛ ማን ያውቀኛል ልጄ፣ ከየት ጀምሬ ልንገራቸው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ማህደራቸው ተጠቃሎ ባንድ ገጽ ተጽፎ ቢሰጣቸው ኖሮ እኮ ጉዳዩ አልቆ ነበር።

ስለዚህ እኔ አሁን እንዲህ ነው ማደርገው፣ እናንተም አድርጉት። ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ሪፈሩን በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። ሃኪሙ ማዘዣ መጻፍ ሲጀምር "ዶክተር ይቅርታ፣ ከስር ያለችውን የጤና ጣቢያውን ትሞላልኛለህ?" እላለሁ። አብዛኞቹ እሺ ነው ሚሉት፣ አራት መስመር ናት። የላብራቶሪ ውጤት ኮፒ እጠይቃለሁ፣ ካልሆነ እሱንም ፎቶ። ሰፈር ለሚቀይር ሰው ደግሞ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ፎሎአፕ ያላችሁበት ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ አዲሱ ሚወስድ ሪፈር አጽፉ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ መጨረሻ የተለካው ስኳርና ግፊት ይኑርበት።

ግን በሽተኛው እየለመነ ሚያስሞላው ነገር መሆን አልነበረበትም። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስንት እናት እንደወለደች፣ ስንት ህጻን እንደተከተበ ሚያሳይ ቻርት ተለጥፎ አይታችኋል አይደል? እዛው አጠገብ አንድ ይጨመር፣ በዚህ ወር ከዚህ ጤና ጣቢያ ስንት ሰው ሪፈር ተባለ፣ ከነሱ ውስጥ ለስንቱ ከየትኛው ሆስፒታል ምላሽ መጣ። ጤና ቢሮውም ሆስፒታሎቹን ሲገመግም ይሄንን ቁጥር ይዞ ይግባ።