የቢሮ ንግግር ስትመረምሩ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አትገልብጡ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ቀርጬ በሦስት የዲስኩር ትንተና (ሰዎች በንግግር ምን እንደሚሠሩ የመመርመር) መንገዶች አነጻጽሬዋለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ፣ የተሰብሳቢዎች ፈቃድ፣ ስም መቀየር፤ ይሄ ቀላሉ ነው። ለቀረጻው ከቬንቲሌተር ራቁ። በድሬ ሙቀት አጥፉልኝ አይባልም፤ መቅጃውን ወደ ተናጋሪዎቹ አስጠጉት፣ ሥሩም ጨርቅ አንጥፉ።

የተበላሸው ግልበጣው፣ ማለትም ድምፁን ወደ ጽሑፍ መቀየሩ ላይ ነው። የተሰጠኝ መመሪያ ግልባጩ በእንግሊዝኛ ይቅረብ ስለሚል ከድምፁ በቀጥታ እየተረጎምኩ 40 ደቂቃ ጻፍኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ኃላፊው የንብረት ክፍል ሠራተኛውን ሁልጊዜ «አንተ» ነው የሚለው። የጎደለ ዕቃ ሲነሳ ግን እንዲህ ሆነ፦

ኃላፊ፦ እርስዎ ነዎት የፈረሙት?
(1.4 ሰከንድ ዝምታ)
ሠራተኛ፦ እ

በእንግሊዝኛው «አንተ»ም «እርስዎ»ም አንድ ቃል ሆኑ። ዝምታውን አልለካሁም። በትንፋሽ ወደ ውስጥ የተሳበችውን «እ» እንደ ማመንታት ቆጥሬ ጣልኳት፤ እሷ እኮ «አዎ» ናት! ሰውየው ያመነበት ቦታ ከመረጃዬ ጠፋ። ሦስቱም መንገዶች «አለቃ ጠየቀ፣ ሠራተኛ አልመለሰም» ከማለት አላለፉም። ሁሉንም ከድምፁ እንደገና ገለበጥኩ።

የሦስቱ መንገዶች ልዩነት የታየው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሳክስ፣ ሼግሎፍና ጀፈርሰን ስለ ተራ አያያዝ (ማን መቼ ተራውን ይዞ እንደሚናገር) ባሳተሙት ጥናት የሚታወቀው የንግግር ትንተና 1.4 ሰከንዷን ይይዛል፦ ከባድ መልስ ይዘገያል። የቋንቋ ተመራማሪው የጆን ጋምፐርዝ መንገድ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መዞሩን ይይዛል፤ አክብሮት ሳይሆን መራቅ ነው፣ ቀረጻውን ለተናጋሪዎቹ መልሳችሁ ስታሰሙ ራሳቸው ይነግሯችኋል። በንግግር ውስጥ ያለውን ሥልጣን የሚመረምረው የኖርማን ፌርክላፍ ሂሳዊ ትንተና ደግሞ ማን መዞር ይችላል ብሎ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው አለቃውን «አንተ» ሊል አይችልም።

ንድፈ ሐሳብ አስቀድማችሁ ምረጡ ይሏችኋል። እኔ አልስማማም፤ መጀመሪያ ግልባጩ። 40 ደቂቃ ሙሉ አትገልብጡ፤ ሁሉንም ሰምታችሁ ነገር የከረረበትን አምስት ደቂቃ ምረጡ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው እንደተነገረ ይጻፍ፤ ሰዋስው አታርሙ። ዝምታን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ለኩ። ትርጉሙ ከየመስመሩ ሥር ይግባ፤ ቃሉ ራሱ ባይጠራም የ«እርስዎ» አነጋገር ባለበት ሁሉ ምልክት አድርጉ፣ ምክንያቱም አክብሮቱ «ይላኩ»፣ «ፈረሙ» እያለ ግሱ ውስጥም ይደበቃል።