ያ ጭስ

ባህር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ደመወዝ የሌለው አስጎብኚ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዘጌ፣ ቤዛዊት፣ ደብረ ማርያም፣ ጀልባ፣ ዓሣ ጥብስ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባሁበትን ጊዜ ብቆጥር ካህናቱ ለዓመት በዓል ሥጋ ሊልኩልኝ ይገባ ነበር። አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም። እስከዚያ ፋሲካ ድረስ።

የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን ኦዲተር ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል ይባላል፤ የወጡት ግን ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ቤታችን እንደገቡ የዶሮውን ብልት ቆጥረው አንድ ጎደለ ያሉ ሰው ናቸው። (ጎድሎ ነበር። እኔ ነኝ።)

ማታ ወሬው ስለ ሐውልት ሆነ። ጋሼ ጀመሩ፤ ምኒልክ አደባባይ፣ አራት ኪሎ የድል ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ፣ ለገሃር የይሁዳ አንበሳ። ሁሉንም የራሳቸው ግቢ ውስጥ እንዳቆሙት አድርገው ነው የሚያወሩት። እኔ ቀን ላይ ዓባይ ዳር ያለውን የሰማዕታት ሐውልታችንን አሳይቻቸው ነበር። «ደህና ነው» ብለው አልፈውታል። ደህና ነው! ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር መሰለኝ፣ አፌ ቀደመኝ።

«ነገ ጢስ ዓባይን ያያሉ!»

ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ሚያዝያ ነበራ። የከተማው ሕፃን ሁሉ እንደሚያውቀው ጢስ ዓባይ የሚታየው ክረምት ላይና መስከረም ነው። በሚያዝያ እንግዳ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ አዲስ መጤ ነው ወይ ተናዷል።

ጋሼ ከቦርሳቸው አንድ ብር አወጡ። የወረቀቱን። እጥፋት የሌለው፣ ከባንክ እንደወጣ የተቀመጠ። ገለበጡትና ፏፏቴው ያለበትን ጀርባ አሳዩኝ።

«ይሄ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ልክ እንደዚህ?»

«እንዲያውም ይበልጣል።»

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን ወጣን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቧራውን ስትጨምሩበት ስልሳ። መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ክረምት ላይ ወርዱ 400 ሜትር እንደሚደርስ፣ ውሃው ወርዶ ሲፈርጥ ፍንጣቂው እንደ ጭስ ስለሚነሳ ስሙን ከዚያ እንዳገኘ። ጋሼ ብሯን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዳምጣሉ። እያወራሁ አንድ ኩርባ ስንዞር ከዛፎቹ ጀርባ አየሁት። ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣ።

ጭስ!

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደነገጥኩ። በሚያዝያ? ላይ ዘንቦ ይሆናል ብዬ አመንኩ። ሰው ሲጨንቀው ምን የማያምነው አለ። «ያውልዎ ጋሼ! ያ ነው ጭሱ! ከዚህ ይታያል ብዬዎት አልነበር?»

ሚኒባሱን አስቆሙ። ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፎቶ አነሱና እዚያው ቆመው የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፉት፤ «የዓባይ ጭስ ከሩቅ»። አርባ ምናምን ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። አንዷ አክስት ከአሜሪካ «ይህን ያየ ዓይን የተባረከ ነው» ብላ ጻፈች። ሌላው የባንዲራ መዓት ላከ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ጢስ ዓባይ ስንደርስ እንደ ወትሮው ልጆች ከበቡን። አንዱ ነጠላ ይሸጣል፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጋሼ ስልካቸውን አወጡለትና «ልጄ፣ ይሄ ጭስ ከዚህ በየት በኩል ነው የሚታየው?» አሉት። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አጎላው። አየው። ደግሞ አጎላው።

«ይሄ እኮ የእናቴ ከሰል ነው።»

ዝም ተባለ። ሹፌሩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ።

«ጠዋት ነው የለኮሰችው» አለ ልጁ፣ ነገሩ እንዲጣራ ብሎ። «ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ይደርሳል።»

እዚያ ጋ መመለስ ይቻል ነበር። ኦዲተር ግን ጀምሮ አይተውም። በአላታ ድልድይ ተሻገርን። ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ያለ የድንጋይ ድልድይ ነው። ጋሼ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉትና «ይሄ አለ» አሉ። በዚያ ቀን ያለ ሆኖ የተገኘው ንብረት እሱ ብቻ ነው።

ወጥተን ፊት ለፊት ቆምን። ጥቁር ገደል። በአንድ ጎኑ፣ ሰው ቧንቧ ዘግቶ ሲሄድ የረሳት የምትመስል ውሃ።

ጋሼ አንድ ብሯን አወጡ። ክንዳቸውን ዘረጉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብሯን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ። ገደሉን ከገደሉ ጋር አገጣጠሙት። ከዚያ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። እምላችኋለሁ፣ ደብተር ይዘው ነው የመጡት። «ገደል፣ አለ» ብለው ጻፉ። «ውሃ፣ በከፊል።» ብሯን እንደገና አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወፎቹስ?»

«የምን ወፎች ጋሼ?»

ብሩ ላይ ወፎች አሉ። ስንት ዘመን ታክሲ ስከፍልበት ልብ ብዬው አላውቅም። ባለነጠላው ልጅ አዘነልኝ መሰል አንድ ዛፍ ላይ ጠቆመ። «ጋሼ፣ ያውና ወፍ!» ጋሼ ብሯን አነሱ፣ ዛፉን አዩ፣ ብሯን አዩ። «እሱ ቁራ ነው» አሉና «ወፎች፣ አልተገኙም» ብለው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ እየተጠለፈ ወደ ኃይል ማመንጫ ይገባል። የመጀመሪያው በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ነው የተሠራው። በዚያ ላይ በጋ ነው። «ገባኝ» አሉ ጋሼ። «ውሃው መብራት ሆኗል። ታዲያ ትናንት ዶሮውን በሻማ የበላነው ለምንድን ነው?»

ለዚህ መልስ የለኝም። እኔም ዓመቱን ሙሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ፏፏቴ የለ፣ መብራት የለ፣ ሒሳቡ ግን አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም። ደግሞ ስለ ብር ካነሳን፣ አንድ ብር ድሮ መልስ ነበር። አሁን ሱቅ ገብታችሁ መልስ ስትጠይቁ ከረሜላ ነው የሚሰጧችሁ። እኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ ሰባት ከረሜላ አለ። በከረሜላ ልክፈል ስላቸው ግን እንደ ሌባ ነው የሚያዩኝ። ጋሼም በከረሜላ ተመልሶላቸው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ኦዲት ባልተደረግኩ።

ወደ ሚኒባሱ ስንመለስ በለሆሳስ የተናገሯት ነች የገደለችኝ። «ምኒልክ በጋ ገባ ብሎ ከፈረሱ አይወርድም።»

ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። መልስ አጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። «ወርዷል እንጂ ጋሼ! ጣሊያን ሲገባ አውርዶ ቀብሮት አልነበር እንዴ? አንበሳውስ ሮም ድረስ ተወስዶ አይደል የተመለሰው? የእኛ ውሃ ቢያንስ በየክረምቱ በራሱ እግር ነው የሚመጣው!» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ባለቤቴ «ተኛ» አለችኝ። ጋሼ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ገብተው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ቴሌግራሙ ላይ ያንኑ ዕለት ማታ ጽፈው ነበር። «እርማት፦ ጠዋት የተላከው ጭስ የዓባይ ሳይሆን የከሰል ሆኖ ተገኝቷል። ስህተቱ የመነጨው ከአስጎብኚው ነው።» አርባ ምናምን ሰው። ባንዲራ የላከው ሰው ባንዲራውን አጠፋ።

መስከረም ሲጠባ ቁጭቴ አላስቀመጠኝም። ብቻዬን ሄድኩ። አደይ አበባው መንገዱን ሞልቶታል፣ ውሃው ደፍርሶ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፣ ድምፁ ጆሮ ይደፍናል፣ ጭሱ ልብሴን አበሰበሰው። ባለነጠላው ልጅ ስልኬን ይዞ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጸኝ። እዚያው ቆሜ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት።

ጋሼ አዩት። ሲጽፉ ይታየኛል። ይጽፋሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጽፋሉ።

«ውሃው ተስተካክሏል። ወፎቹስ?»