ድሪቶ ይባላል አይባልም

ሐምሌ። ቀኑን ትቼዋለሁ።

መብራት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። ጣና ከዚህ መስኮት ባይታይም ሽታው ቤት ገብቷል፤ እርጥብ ደንገልና ጭቃ። እንዲህ ባለ ቀን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድብርት ይጫነኛል። ደብተሩን ያወጣሁትም ስለ እሱ ልጽፍ ነበር።

ግን ዓይኔ ወንበሩ ላይ በተከመሩት፣ ለብርድ ልብስ በቆረጥኳቸው የጨርቅ ካሬዎች ላይ አረፈና እትዬ እሁድ ያሉት ትዝ አለኝ። ቡና ሊጠጡ መጥተው አንዱን አነሡ፣ ገለባብጠው አዩት፣ ከዚያ «ልጄ፣ ድሪቶ መስፋት ጀመርሽ? ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ። ለተንኮል አይደለም፣ አዝነው ነው። ቶናውን ሲቀበሉ እንኳ እኔን እንጂ ስኒውን አላዩም።

ድሪቶ እኮ ሲጀመር ልብስ ነው። ይቀደዳል፣ ይጣፋል፣ የተጣፈበት እራፊ ራሱ ይቀደዳል፣ በላዩ ሌላ ይደረባል፤ በኋላ የቱ ልብስ የቱ እራፊ እንደሆነ ባለቤቱም አይለየውም። የኔ የተገላቢጦሽ ነው። ደህና ጨርቅ 270 ቦታ ቆርጬ መልሼ እገጥመዋለሁ። ዘጠኝ ዘጠኙ ተገጥሞ አንድ ገበታ ይሆናል (ገበታ ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው)፣ አምስት ገበታ በስፋት፣ ስድስት በቁመት፣ 150 በ180 ሴንቲ ሜትር። እትዬ ደህና ጨርቅ እንደምቆርጥ ቢያውቁ ኖሮ ማዘናቸውን ትተው ጠበል ይወስዱኝ ነበር። ደግሞ በየት አገር? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን የጦር ካሳ የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ። እዚያ ፈትል እንዳይበጠስ ስንቱ ቆሞ ሲያድር ኖሯል፣ እዚህ እኔ መቀስ ይዤ እቀመጣለሁ።

እውነት ለመናገር ሁሉም ደህና ጨርቅ አይደለም። ግማሹ ቅዳሜ ገበያ ከሳልባጅ የሚገኝ የወንድ ሸሚዝ ነው፣ ትልቅ ቁጥር። ጀርባው ላይ ኪስም ቁልፍም ስለሌለ ከእሱ ብቻ 16 ካሬ ይወጣል። አንገቱና ብብቱ ስለሚሳሳ አይነካም፤ ሲቆረጥ ደህና ይመስላል፣ በአምስተኛው እጥበት ይተረተራል። የቀረው ግማሽ ከልብስ ሰፊዎች የተለቀመ ብጣሽ ነው፣ ጣጣውም እዚያ ነው። ጥጡ፣ ፖሊስተሩ፣ ሱፍ መሳዩ አንድ ፌስታል ውስጥ ተጠቅጥቆ ይመጣል፣ በእጅ ዳሰሳ አይለይም። ከዳሩ ፈትል መዝዞ ክብሪት መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ይኮማተርና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ፍሬ የተወው ሁሉ ወለል መወልወያ ይሆናል፣ ምሕረት የለም። ከጥጥ ጋር ከተጋጠመ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ ሲሰበሰብ እሱ ባለበት ይቆማል፤ አንዱ ካሬ ይነፋል፣ ጎረቤቱ ይወጠራል።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ሁሉም በሙቅ ውኃ ይታጠባል። አዲስ አቡጀዲ ከ100 ሴንቲ ሜትር 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ይገባል፤ የሚገባውን ገበር ከመሆኑ በፊት ይግባ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ፈተና አለባቸው። እርጥብ ነጭ እራፊ ደርቦ በጋለ ካውያ መጫን፤ ነጩ ከቀላ ቀለሙ ገና አልጨረሰም። ጨውና ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚሉ አሉ። የዛሬውን የጥጥ ቀለም አያስይዙትም፣ ትርፉ ሰላጣ የሚሸት ጨርቅ ነው። ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብ እንጂ ሌላ መላ የለውም። አራት ጊዜ ታጥቦም የሚለቀውን ከነጭ ጋር አላጎራብተውም።

መቁረጡ 11.5 በ11.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሄዶ 10 በ10 ይቀራል። የምቆርጥበት ልክ ድሮ ካርቶን ነበር። ካርቶን እርሳስ 50 ጊዜ ሲዞርበት ጠርዙ ይበላል፣ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፣ አንደኛውና ሃምሳኛው ካሬ ዘመድ እንጂ መንትያ መሆናቸው ይቀራል። አሁን አሮጌ የራጅ ፊልም ነው። በረኪና ውስጥ ሲያድር ጥቁሩ ይለቅና እንደ መስታወት ያሳያል፣ የሸሚዙን መስመር ከጠርዙ ጋር ማስተካከል ይቻላል። የማን ደረት እንደነበር በረኪናው አጥፍቶታል። ከእርሳስ ደግሞ የሳሙና ስባሪ ይሻላል፣ ጫፉ በምላጭ ተስሎ።

ድርና ማግም አለ። በድሩ በኩል ጨርቅ አይለጠጥም፣ በማጉ ትንሽ ይሰጣል፣ በሰያፍ ከቆረጡት ግን ማስቲካ ነው። ብጣሽ ለመቆጠብ ተብሎ ተጣሞ የተቆረጠ ካሬ መኪና ስር ገብቶ ሲወጣ ካሬነቱን ረስቶ ነው።

ዛሬ ያስከፋኝ እንግዲህ ይኸው ሳይሆን አይቀርም፦ ስድስተኛው ረድፍ ከአምስተኛው በ28 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሁለት ጣት መሆኑ ነው! ሁለት ጣት በአንድ ቦታ የሚጠፋ መስሎኝ ስፈልግ ቆየሁ፤ አይደለም። በስፋቱ 15 ካሬ አለ፣ በመሀላቸው 14 ስፌት። እያንዳንዱ ስፌት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ቢገባ ከግራው ካሬ 1፣ ከቀኙ 1 ይበላል፣ በድምሩ 2። 14 ጊዜ 2፣ 28። ሁሉም ረድፍ እኩል ቢሳሳት ግድ አልነበረም፣ ብርድ ልብሱ ያንሳል እንጂ ይገጥማል። ክፋቱ ጠዋት በብርሃን የሰፋሁት አንድ ልክ፣ ማታ በሻማ የሰፋሁት ሌላ ልክ መሆኑ ነው።

መኪናዋ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ናት፣ መብራት ኖረ አልኖረ አይገዳትም። የሚገደው የኔን ዓይን ነው። መርፌዋ ቁጥር 14፣ የስፌቱ እርምጃ 2.5 ሚሊ ሜትር። ጨርቁ ተደግፎት እንዲሄድ ሦስት ድርብ ፕላስተር ብረቱ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ርቀቱ የተለካው ጨርቁን ከሚጫነው እግሯ ጠርዝ አይደለም፣ ከመርፌዋ ጫፍ ነው። እሱንም 7.5 ላይ ሳይሆን 7 ላይ ነው ያደረግሁት፣ ምክንያቱም ስፌቱ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ግማሽ ሚሊ ያህል ይውጣል። ማረጋገጫው ሦስት ካሬ አጋጥሞ፣ ተኩሶ፣ የመሀለኛውን መለካት ነው። 10 ካልሆነ ፕላስተሩ ይነሣል። ማታ ማታ ይህን መለኪያ የሚዘለው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የረድፉስ ነገር? መፍታት ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ልዩነቱ ለ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥጥ ይሸከመዋል። መጀመሪያ በየመገጣጠሚያው ስፒል ተክሎ ትርፉን ለ15ቱ ካሬ ማካፈል፣ ከዚያ ረጅሙን ረድፍ ከታች፣ አጭሩን ከላይ አድርጎ መስፋት። የመኪናዋ ጥርሶች ከታች ያለውን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስገቡ ትርፉን ራሳቸው ይበሉታል። ተገልብጦ ከተሰፋ ግን በየካሬው ጥግ ላይ ትንሽ እጥፋት ትቀራለች፣ በካውያም አትሞትም። ከ2 በላይ ከሆነ መፍታት ነው፦ በምላጭ ከአንድ ወገን በየአራተኛው ስፌት መበጠስ፣ ከዚያ በሌላው ወገን ያለውን ክር መሳብ። ሙሉ ይወጣል። ሁለቱን ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዞ መተርተር ሰያፉን ይለጥጠዋል፤ ንዴት ካልሆነ በቀር ምክንያት የለውም።

የኤሌክትሪክ ካውያው ዛሬ ሥራ ፈት ነው፣ የከሰሉን አውጥቻለሁ። ከሰሉ ሙሉ ፍም ሳይሆን ከተከደነ ብልጭታ ይተፋል፣ አንድ ብልጭታ አንድ ካሬ ነው። ሥሩ በእርጥብ እራፊ ሳይጠረግ ነጭ ላይ አያርፍም። ካውያ መጎተት ለሱሪ ይሁን፤ እዚህ አንሥቶ መጫን፣ አንሥቶ መጫን ነው። የስፌቱ ትርፍ ሁልጊዜ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ይታጠፋል። አንደኛው ምክንያት በነጩ በኩል እንዳያሳይ ነው። ሁለተኛው በጣም የምወደው ነው፦ ጥቁርና ነጭ ተለዋውጦ ስለሚደረደር፣ የአንዱ ረድፍ እጥፋት ወደ ግራ ሲተኛ ከታቹ ያለው ወደ ቀኝ ይተኛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቁጭ ይላል፣ በጣት ስነካው ጠቅ ሲል ይሰማኛል፣ አራቱ ማዕዘን ያለ ስፒል ይገጥማል። ለዚህች ጠቅታ ስል ነው መሰለኝ የምሰፋው።

መሙያው ላይ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። አምና ባዘቶ ነበር፤ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተይዞ ለ170 በ200 አንድ ኪሎ ገደማ። ተነድፎ ሲመጣ ደመና ነው፣ ሲታጠብ ግን ይሸሻል። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ካልተሰፋ ሦስተኛው እጥበት ላይ ጥግ ጥጉን ይዞ ይጓጉላል፣ መሀሉ ላዩና ገበሩ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከላይና ከታች ያረጀ ነጠላ ሲደረግበት ይሻለዋል፣ ቢሆንም ስፌቱ ብዙ ነው። ጋቢ ግን ተሸምኗል። አራት ድርብ ነው፣ የትም አይሄድም፣ በየካሬው ስፌት ላይ፣ ማለትም በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢሰፋ ይበቃዋል። ጥለቱ ይፈታል፣ ወፍራም ነው፣ ቀለምም ይለቃል። በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ታጥቦ መግባቱን ይጨርስ። መሀሉ ላይ ሁለቱ ወርድ የተጋጠሙበት ስፌት ካሬ መሀል ካረፈ ከላይ እንደ ጅማት ይታያል፤ የካሬ መገጣጠሚያ ስር ሲውል ይጠፋል። ያረጀ፣ የሳሳ፣ ማንም የማይፈልገው ጋቢ ነው የሚመረጠው። ማንም አይፈልገውም ያልኩት እርግጥ እኔ ነኝ።

ሲነጠፍ ገበሩ ፊቱን ወደ ወለሉ ያደርጋል፣ ጠርዙ በፕላስተር ሴራሚኩ ላይ ይያዛል። እንደ ከበሮ መወጠር የለበትም፤ ፕላስተሩ ሲላቀቅ ይሰበሰብና ላዩን ይዞት ይሸበሸባል። እጥፋት እስከማይኖረው ብቻ። ጋቢው ከላዩ፣ ካሬዎቹ ከጋቢው ላይ፣ ከዚያ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ መርፌ ቁልፍ፣ ወደ 200 ይፈጃል። 200 መርፌ ቁልፍ ስጠይቅ ባለሱቁ መንታ የወለድኩ መስሎት ነበር። የጎደለውን በክር መወስወስ ነው፣ ከመሀል ወደ ዳር።

የመጨረሻው ስፌት ሁሉንም ነገር ለማበላሸት የመጨረሻው ዕድል ነው። የመሀለኛው መስመር ይቀድማል። ሁሉም መስመር ከአንድ አቅጣጫ ይሰፋል፤ አንዱን ሄዶ አንዱን ተመልሶ ከሆነ በመሀላቸው ሰያፍ ሽብሽብ ይጋደማል። እርምጃው ወደ 3.5 ይረዝማል፣ እግሯን የሚጫነው ብሎን ትንሽ ይላላል። 14 መስመር በቁመት፣ 17 በወርድ። ከመርፌዋ እስከ ቋሚዋ አንድ ስንዝር ናት፤ ግማሹ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በዚያች መግባት አለበት፣ አራት ድርብ ጋቢ ይዞ። እግር እየረገጠ ትከሻ ሲጎትት ያየ ሰው አሣ አስጋሪ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ሚያዝያ ላይ አንሶላ እንኳ በሚከብድበት ባህር ዳር መሆኑን አላጣሁትም። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ስሙ ግን አልተገኘም። ብርድ ልብስ ሲሉት የሱቁን ያስመስለዋል፣ ቡልኮ አይደለም፣ ደበሎም አይደለም። ድሪቶ ካልነው ደግሞ እትዬ አሸነፉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ቅዝቃዜው ገባ። ከሳሎን ድምፅ መጣ፦ «ያቺን ጋቢዬን አየሻት?»

ጥለቷ የክር ጣሳዬ ውስጥ ነው። የቀረችው 170 በ200 ሆና አልጋ ስር ተጠቅልላለች።

«ታጥባለች» አልኩት። ውሸት አይደለም፣ በሙቅ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ። አሁን ሊጠይቀኝ ያለው በዚህ ዝናብ የት አስጥተሻት ነው።