ዳይክሎ ከግፊት ኪኒን ጋር

ከጥቁር አንበሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት መድኃኒት ቤቶች ሁሉ የሚሰማ ጥያቄ ነው፦ «ዳይክሎ ስጪኝ፣ ወገቤን ነው።» ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ሲጠየቁ መልሱ «ምንም» ነው። የግፊቱ ኪኒን አይቆጠርማ፤ እሱ እንደ ቁርስ ሆኗል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው አድቪልም እንደዚሁ።

ከአድቪሉ እንጀምር። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው፣ አንዱ ፍሬ ብዙውን ጊዜ 200 ሚሊግራም። ዳይክሎ ከምንለው የሕመም ማስታገሻ፣ ከዳይክሎፌናክ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አሊቭ የሚባለውም ሦስተኛ ወንድማቸው ነው። ከነዚህ ሁለቱን ባንድ ቀን መዋጥ ጨጓራና ኩላሊትን ከመጉዳት በቀር እምብዛም ትርፍ የለውም። ታይለኖል ግን ሌላ ዘር ነው። ካርቶኑ ላይ «አሴታሚኖፌን» ተብሎ የተጻፈው እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ታይለኖል ባለ 500 ውጦ ሁለት ፓራሲታሞል የደረበ ሰው ባንዴ 2 ግራም ወሰደ ማለት ነው። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓቱ ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው 8 ፍሬ ነው፤ በየመሃሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ይለፍ። መጠጥ ለሚያዘወትር፣ ጉበቱን ለታመመ ወይም በጣም ለከሳ ሰው ይህም ይበዛል። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል አይጠፋም፣ ጀርባቸውን አንብቡ።

ወደ ኩላሊቱ እንምጣ። ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን ማጥሪያዎች እያንዳንዳቸው መግቢያና መውጫ የደም ስር አላቸው፤ ማጣራቱ የሚካሄደው በመሃል ባለው ግፊት ነው። የግፊቱ ኪኒን ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋል። ሌላው የግፊት ኪኒን፣ የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በደም ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሁለቱ አብረው ለብዙ ሰው ችግር የላቸውም። ዳይክሎ ሲጨመር ግን መግቢያው ይጠባል፤ በሦስት በኩል ግፊቱ ይወርድና ማጥሪያው ይደክማል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ፈሳሽ የጨረሰበት፣ በሁዳዴም እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ነገሩ ሕመም የለውም። ሽንት ሊያንስ፣ እግር ሊያብጥ ይችላል፤ አንዳንዴ ያም የለም፣ የሚታየው የኩላሊትን ሥራ በሚያሳየው የደም ምርመራ፣ በክሪያቲኒን ነው። ደግሞ ዳይክሎ ራሱ ግፊት ይጨምራል፤ «ኪኒኑ አልሠራልኝም» ተብሎ ሌላ የግፊት መድኃኒት ይደረባል፣ ጥፋቱ ያለው ግን የወገቡ ኪኒን ላይ ነው። መቅረት ያለበት እሱ ነው፤ የግፊቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

«ጨጓራዬን እንዳይነካኝ በመርፌ ልወጋው» የሚባለውም አያዋጣም። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራ ራሱን የሚከላከልበትን ልባስ ያሳሳል፣ በየትም በኩል ይግባ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ ለነገ የሚባል አይደለም፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ለጉልበት ሕመም፣ በተለይ ለአዛውንት፣ መጀመሪያ የሚቀባው የዳይክሎ ጄል ይሞከር፤ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው። መዋጥ ግድ ከሆነ 50 ሚሊግራም፣ በቀን ከ150 ሳያልፍ፣ ከምግብ ጋር፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ጭራሽ አይንካው።

ራስ ምታት ላይ ደግሞ ካላንደር ያስፈልጋል። ማስታገሻ የተዋጠባቸውን ቀናት ምልክት አድርጉ። በወር 15 ቀን ደርሶ ከሦስት ወር ካለፈ፣ ራስ ምታቱን የሚያመጣው ማስታገሻው ራሱ ሊሆን ይችላል።

የጨጓራው ኦሜፕራዞል ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጣል፣ እንክብሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ሳይታኘኩ። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል። ለወራት ወስዶ ባንድ ጊዜ ሲያቆሙት አሲዱ ለጊዜው በርትቶ ይመለሳል፤ ሰው ግን «ያለሱ አልኖርም» ብሎ ይደመድማል። በሐኪም ምክር ቀስ እያሉ መቀነስ ይሻላል። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል፤ የስኳሩ ሜትፎርሚንም እንዲሁ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ሁለቱን ኪኒኖች እየወሰደ ጾሙን ሁሉ የሚጾም ሰው እግሩ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ብሎ ከመተው በፊት ቢ12ቱን ያስለካ።