እሁድ ትወጫለሽ?

ሰው "አረብ ሀገርን እንዴት ቻልሽው" ሲለኝ መልሴ ሁሌም እሁድ ነው። ቤይሩት ስሰራ እሁድ እሁድ እወጣ ነበር፣ እሱ ነው ያቆመኝ። ጸሎቱም አለ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ጸሎትም ቢሆን ከሰው ጋር ሲሆን ይበረታል።

ለማያውቅ ሰው፣ ኮንትራት የምንላቸው ልጆች የሚያድሩት እዛው ማዳም (አሰሪያቸው ሴትዮ) ቤት ነው፣ ፓስፖርታቸው ማዳም ጋር ነው፣ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) በአሰሪ ስም ስለሆነ ከቤቱ ጠፍታ ከወጣች ያለ ወረቀት ቀረች ማለት ነው። የሊባኖስ የሰራተኛ ህግ በፈረንጆች 1946 ሲወጣ የቤት ሰራተኛን ጭራሽ አላካተተም። በ2009 የወጣው ኮንትራት በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አላት ይላል፣ ግን ማን አስከብሮት፣ በር ቆልፋባት የምትወጣ ማዳም ስንት አለች።

እኛ ህንጻ ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣ የምንገናኘው ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ስትወጣ ብቻ ነው፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዛሬ ስንት ቀን ነው? ጾም ገባ እንዴ?" ትለኛለች። መጀመሪያ ሳቂታ ነበረች፣ እያደር ዝም አለች፣ ከዛ ብቻዋን ማውራት ጀመረች፣ ማዳሟም "መጅኑኔ" (እብድ) ብላ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ መለሰቻት። እብድ አልነበረችም!! ለወራት በቋንቋዋ የሚያናግራት አጥታ ነው። በ2008 የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች እንዳወጣው ሊባኖስ ውስጥ በሳምንት ከአንድ በላይ የቤት ሰራተኛ ትሞት ነበር፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን አጥፍተው ወይ ከፎቅ ሊያመልጡ ሲሉ ወድቀው።

እኛ እሁድ ያለን ደግሞ ቤይሩት ዳር ያለው ዶራ ሰፈር እንወርዳለን፣ ሀበሻ ቤት ገብተን ሽሮ በልተን ቡና ተፈልቶ እቁባችንን ጥለን፣ ከዛ ወሬ ነው፣ የተመታችው ታለቅሳለች፣ ደሞዝ የተያዘባት ትናገራለች፣ አንዷ ከኋላ ቁጭ ብላ ጸጉሯን እየሰራቻት "አይዞሽ እኔም እንደዛ ነበርኩ" ትላታለች። ሰኞ ስራው ያው ነው፣ ግን ችለሽ ትገቢያለሽ።

በ2020 ዶላር ሲጠፋ አሰሪዎች ልጆቹን ከነሻንጣቸው እያመጡ ሃዝሚዬ የሚባለው ሰፈር ያለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ቀጥሎም የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ ምግብ ይዘው ከደረሱት ውስጥ "እኛ ለእኛ በስደት" የሚባል ማህበር አለ፣ እዛው የቤት ሰራተኛ የነበሩ እህቶቻችን በ2017 ያቋቋሙት። እኔ አልገረመኝም፣ እሁድ እሁድ ሲተዛዘኑ የኖሩ ሰዎች ናቸዋ።

እና እባካችሁ፣ እህታችሁ ወይ ልጃችሁ እዛ ካለች ስለ ብሩ ከማንሳታችሁ በፊት እሁድ ትወጫለሽ ወይ በሏት። "ደህና ነኝ" ስትል ብቻ እንዳታምኗት። አልወጣም ካለች በሳምንት አንዴም ቢሆን ረዘም አድርጋችሁ አውሯት፣ የጎረቤቱን ሰርግ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሁሉንም ንገሯት። ስልክ ከተከለከለች ደግሞ የላካትን ኤጀንሲ በር አትልቀቁ፣ እናንተ ዝም ካላችሁ እነሱም ዝም ነው የሚሉት።