ከጋፕ ይር ወደ ውጭ አገር መምህርነት፦ ወረቀቱን ከመነሻው መሰብሰብ

ጋፕ ይር (ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት የሚወሰድ የአንድ ዓመት ዕረፍት) ልትወስዱ ካሰባችሁ ዩኒቨርሲቲው ቦታችሁን ለአንድ ዓመት እንደሚያቆይላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። በዚያ ዓመት በበጎ ፈቃድ ካስተማራችሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ትምህርት ቤቱን ሳትለቁ ተቀበሉ። የተማሪዎቹ ዕድሜና ብዛት፣ የሳምንቱ የማስተማሪያ ሰዓት፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን ይኑርበት። «ታታሪ ነበረች» የሚል ደብዳቤ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሚፈርምላችሁ ርእሰ መምህር ላይኖር ይችላል።

ውጭ አገር ስትማሩም እንዲሁ ነው። የምትወስዷቸውን ኮርሶች የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበላቸው ሳትሄዱ አስፈርሙ። ብዙ የተማሪ ቪዛዎች የሥራ ሰዓት ይገድባሉ፤ ገደቡን ማለፍ ኋላ የሥራ ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። ከምትማሩበት አገር ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ማስረጃ የት እና እንዴት እንደሚወጣም እዚያው እያላችሁ አጣሩ፤ ከሩቅ ሆኖ አሻራ መላክ ወራት ይፈጃል። ማስረጃውን ግን ቀድማችሁ አታውጡት። ብዙ ቀጣሪዎች በቅርብ ወራት የወጣ ስለሚፈልጉ ጊዜው ያልፍበታል።

ዲግሪ በብዙ አገር የቪዛ ግዴታ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ የውጭ አገር ሰዎችን በብዛት በትምህርት ቤቶች የቋንቋ ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው የጃፓኑ ጄት ፕሮግራም በማንኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ሆኖ እስከ 5 ዓመት ይታደሳል። በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የሚቀጠሩ የውጭ አገር የቋንቋ ረዳቶች በሳምንት 12 ሰዓት ይሠራሉ፤ ልምድ ይገኝበታል፣ ገንዘብ ግን አይተርፍበትም። ሁለቱም ዜግነት ስለሚመርጡ ከሁሉ በፊት የአመልካች አገሮችን ዝርዝር እዩ።

ለእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሰርተፍኬት ስትከፍሉ የማስተማር ልምምድ መኖሩን ጠይቁ። ከነዚህ ሰርተፍኬቶች አንዱ የሆነው ሴልታ (CELTA) ቢያንስ 120 ሰዓት ሲሆን አሠልጣኝ እየተመለከተ የሚሰጥ 6 ሰዓት ማስተማር አለበት። ስክሪን ላይ ብቻ የሚያልቅ የ120 ሰዓት ኮርስ አንዳንድ ቦታ ለቪዛ ይበቃል፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ግን «ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ?» ማለቱ አይቀርም።

ዲግሪው የወጣበትም የምትሄዱበትም አገር የውጭ አገር ሰነድ ማረጋገጥን የሚያቀለውን የ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት ከተቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ አፖስቲል (ሰነዱ የወጣበት አገር የሚሰጠው ማረጋገጫ) ይበቃል፤ ካልሆነ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ከዚያም በኤምባሲ መረጋገጥ አለበት። ብዙ ማመልከቻ የሚያደናቅፈው በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ ያለ የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው፤ አንዲት ፊደል እንኳ ትበቃለች። እርማቱን ማኅተም ከማስመታታችሁ በፊት አስጨርሱ፤ ከተረጋገጠ በኋላ የተለወጠ ሰነድ እንደ አዲስ ይጀምራል። «በቱሪስት ቪዛ ና፣ እዚህ እናስተካክላለን» የሚል ቀጣሪ ሲገጥማችሁ ውሉን አትፈርሙ።